ብሬክ ለመምታት ሌላ ስቴካ ያስፈልጋል ወይ?

ጥያቄ፣ ከባለ አንድ ስቴካ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጫወተው ፑል ነው፤ ኤይት ቦልና ናይን ቦል የሚባሉትን ጨዋታዎች። ያለኝ ለሁለት የሚፈታ አንድ የእንጨት ስቴካ ነው፤ ክብደቱ 19 አውንስ (540 ግራም ገደማ)፣ የጫፉ ስፋት 12.75 ሚሊ ሜትር፣ ቆዳው ድርብርብና መካከለኛ ጥንካሬ ያለው። ብሬኩንም (የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነውን የመክፈቻ ምት) ጨዋታውንም በዚሁ ነው የምመታው። ቆዳው ቶሎ ቶሎ ጎኑ ያብጥና ከሥሩ ካለው ነጭ ቀለበት አልፎ እንደ እንጉዳይ ይንሰራፋል፤ ላዩም እያብለጨለጨ ጠመኔ አልይዝ ይላል። ለብሬክ ብቻ ሌላ ልግዛ? ከበድ ያለ፣ 21 አውንስ የሆነ ይሻላል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ደግሞ ብሬክ ስመታ ነጩ ኳስ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ እየነጠረ ከጠረጴዛ ይወርዳል። ይሄ ከስቴካው ነው ወይስ ከእጄ?

መልስ፣ ከጠመኔ

የብሬኩን ስቴካ ለየው ወንድሜ። ምክንያቱ ግን ጉልበት ሳይሆን ቆዳው ነው። የመጫወቻህ ቆዳ ኳሱን ለቅጽበት እንዲይዝልህና እንድታሽከረክርበት ሆኖ የተሠራ ነው። በሙሉ ኃይል ብሬክ ስትመታበት ድርብርቡ ይጨመቃል፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይወጣል፤ መሃሉ ደግሞ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ያየኸው እብጠትም ብልጭልጭታም የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ነው። የሚጎዳህ ቆዳው ማለቁ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ጠባዩ ስለሚለወጥ ትናንት የሠራልህ ሽክርክሪት ዛሬ አይሠራም፤ አንተም ጥፋቱን በእጅህ ታሳብባለህ። በዚያ ላይ ነጩ ቀለበት በተደጋጋሚ ድንጋጤ ይሰነጠቃል።

ለብሬክ የሚሆነው ጠንካራ ቆዳ ያለው፣ ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ማንኛውም ቀጥ ያለ ስቴካ ነው። ለሁለተኛው ስቴካ ብዙ ገንዘብ አታውጣ። ያለህን ገንዘብ በመጫወቻው ላይ አድርገው።

መልስ፣ ከሚዛን

የክብደቱን ነገር በቁጥር እንየው። ደንቡ የሚፈቅደው የኳስ ክብደት ከ156 እስከ 170 ግራም ነው፤ ስቴካው የኳሱን ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ከ19 ወደ 21 አውንስ ብትወጣና እጅህ በዚያው ፍጥነት ቢወረውር እንኳን ነጩ የሚያገኘው ተጨማሪ ፍጥነት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እጅህ በከበደው ስቴካ 3 በመቶ ከቀዘቀዘ ግን ከስረሃል። ለብዙ ሰው ከመጫወቻው ጋር እኩል የሆነ ወይም በአንድ አውንስ የቀለለ ይስማማዋል፤ ክንድህ ሳይጨነቅ የሚወረውረውን ያዝ። ከሁለት አውንስ ክብደት ይልቅ የጫፉ ጥንካሬ ነው ለውጥ የሚያመጣው፤ ለስላሳ ቆዳ ሲጨመቅ ኃይሉን ይበላዋል።

በዓለም ፑል ማኅበር ደንብ የስቴካ ክብደት ከ25 አውንስ (708.75 ግራም) አይበልጥም፣ የጫፉ ስፋት ከ14 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ርዝመቱም ከ1.016 ሜትር አያንስም። በገበያ ያሉት ብዙዎቹ 147 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ በዚህ በኩል ስጋት የለም።

መልስ፣ ከነጯ ጠባቂ

ኳሱ የሚዘለው ከስቴካው አይደለም፤ ከማዕዘኑ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ከኳሱ መሃል ከፍ ስለሚል የስቴካህ ኋላ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ነጩን ሁልጊዜ በጥቂቱ ወደ ታች ትመታዋለህ። ወደ ታች የተመታ ኳስ ጨርቁን ገፍቶ ይነሣና ጥቂት በአየር ላይ ይሄዳል። አየር ላይ እያለ ከተደረደሩት ኳሶች የፊተኛውን ከወገቡ በላይ ካገኘው ይነጥራል፤ ኃይሉም በከንቱ ይባክናል፤ ኳሶቹም አይበተኑም።

እንዲህ አድርግ። ስልክህን ከፊተኛው ኳስ ትይዩ በጎን አቁመህ በዝግታ ቅረጸው። ነጩ ሲደርስ ከጨርቁ በላይ ከሆነ የስቴካውን ኋላ ዝቅ አድርግ፣ ኳሱንም ከጠርዙ ትንሽ ወደ ፊት አርቀው፤ ለጠርዙ በቀረበ ቁጥር ኋላው ከፍ ይላል። አሁንም ከነጠረ ፍጥነቱን ቀንስ። ነጩ ከነካ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ በጠረጴዛው መሃል አካባቢ ከቆመ ልክ ነህ። ወደ ጎን ከሸሸ የፊተኛውን ኳስ ሙሉ አላገኘኸውም። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ወደ ፊት ከሮጠ ከመሃል በላይ መትተኸዋል፤ ጫፉን ወደ መሃል ወይም ከመሃል በጣም ትንሽ ዝቅ አድርገው።

እነዚህ ሳይስተካከሉ ስቴካ መለወጥ ምንም አይፈይድም።

መልስ፣ ከሚዛን

ነጯ ጠባቂ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ብሬክ ስንመታ የኋላ እጃችን ይወላገድና ጫፉ ሳናስበው ከነጩ መሃል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይስታል። ወደ ግራ ሳተ እንበል። ስቴካው ያመለከተው ወደ ግራ ነው፤ በግራው የተመታ ነጭ ግን ከስቴካው መስመር ወደ ቀኝ ይገፋል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ይጣፋሉ፤ ኳሱ ወዳሰብከው ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ፊት ላይ ያለው እጅህ ከነጩ ለዚያ ስቴካ ልክ በሆነ ርቀት ሲቀመጥ ነው። ተራ የእንጨት ስቴካ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይስማማል። ኳሱን ከመስመር ብዙም የማይገፋው፣ ለጨዋታ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ዓይነት ግን ከዚያ በጣም የራቀ እጅ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ውዱ የመጫወቻ ስቴካ ለብሬክ ብዙ ጊዜ ከተራው የሚብሰው።

ጥያቄ፣ ከባለ አንድ ስቴካ

በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ የፑል ቤቱን ስቴካ ለብሬክ ብወስድስ? ፌኖሊክ የሚባለው ጫፍስ?

መልስ፣ ከጠመኔ

የፑል ቤቱ ስቴካ ይበቃሃል፣ ከመረጥከው። መጀመሪያ በአንድ ዓይንህ ከኋላው ወደ ጫፉ እያየህ በጣትህ አዙረው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ተወው። ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ ነጩን ቀለበት በጥፍርህ ነካ ነካ አድርገው፤ የላላ ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት። ከዚያ ቆዳውን እይ፤ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ሲጫኑት አይነቃነቅ። አሮጌ፣ የተጠቀጠቀ፣ ደረቅ ቆዳ ለጨዋታ አይሆንም እንጂ ለብሬክ ጥሩ ነው። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገህ ጠመኔ ቀባው። አንዴ ደህና ካገኘህ ሁልጊዜ እሱን ያዝ።

ፌኖሊክ ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ ቆዳ አይደለም። አይጨመቅም፣ አያብጥም፣ ፍጥነት ይጨምራል። ግን ጠመኔ በደንብ አይይዝም፤ ከመሃል ትንሽ ከወጣህ ይንሸራተታል። ነጩን ኳስ ይጎዳል ብለው የሚከለክሉ ቤቶችና ውድድሮች ስላሉ አስቀድመህ ጠይቅ። እጅህ ገና ካልረጋ በጠንካራ ቆዳ ጀምር።

መልስ፣ ከዱባይ

መግዛት ከወሰንክ ሌላም መንገድ አለ፦ የኋላውን ግማሽ ትተህ የፊቱን ግማሽ ብቻ ሁለተኛ መግዛት። ጠንካራ ቆዳ ታስለጥፍበትና በብሬክ ጊዜ ትቀይረዋለህ። ከማዘዝህ በፊት ሁለቱን ግማሾች የሚያገጥመውን ብሎን ልክ (በኢንች) እወቅ፤ 5/16 ባለ 18 ጥርስ፣ 5/16 ባለ 14 ጥርስ፣ 3/8 ባለ 10 ጥርስ የተለመዱ ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይገባም፣ በግድ ካጠበቅኸው ጥርሱ ይላላል። የማይመቸው በየጨዋታው መፍታትና መግጠም መኖሩ ነው።

ከአሜሪካ የሚያመጣልህ ሰው ካለ በእጅ ሻንጣ እንዳይዘው ንገረው፤ የፑል ስቴካ ወደ አውሮፕላኑ ክፍል አይገባም፣ በጭነት ነው የሚላከው። ጠንካራ መያዣ ውስጥ ተፈትቶ ይቀመጥ። እዚህ ባሕረ ሰላጤው አገር ላላችሁ ደግሞ፣ በበጋ ስቴካ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቃል፣ እንጨቱን ያጎብጣል።

መልስ፣ ከዘጠኟ

እኔ በከፊል አልስማማም። ናይን ቦልን በዋናነት የምትጫወት ከሆነ በሙሉ ኃይል መምታት ራሱ አያስፈልግህም። ኳሶቹ በደንብ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ነጩን ከጠረጴዛው ጎን ጠጋ አድርገህ በመካከለኛ ፍጥነት ስትመታ በድርደራው ጎን ያለችው ኳስ ወደ ማዕዘን ቀዳዳ፣ 1 ቁጥሯ ወደ መሃል ቀዳዳ መሄድ ትጀምራለች። ለዚያ የመጫወቻህ ስቴካ ይበቃል፣ ቆዳህም አይጎዳም። በአንዳንድ ውድድር ግን ቢያንስ ሦስት ኳስ መግባት ወይም ብሬክ የሚመታበትን መስመር ማለፍ አለበት የሚል ደንብ ስላለ በጣም ማለስለስ አይቻልም። ኤይት ቦል ላይ ግን ጠመኔ ያለው ትክክል ነው፤ 15 ኳስ ለመበተን ኃይል ይጠይቃል። በደንቡ አንድ ኳስ ካልገባ ቢያንስ አራት ኳስ ጠርዝ መንካት አለበት። በየትኛውም ጨዋታ ከስቴካው በፊት ድርደራውን እይ፤ በፊተኛውና ከኋላው ባሉት ሁለቱ መካከል ብርሃን ከታየ የትኛውም ስቴካ አይበትነውም።

መልስ፣ ከጠመኔ

አሁን ያበጠውን ቆዳህን ላድንልህ። ስቴካውን ጫፉን ወደ ታች አድርገህ ጠንካራ ጣውላ ላይ አቁም። ነጩን ቀለበት በፕላስተር ጠቅልል። በአዲስ ምላጭ ከቀለበቱ ወደ ጣውላው እየወረድክ የተረፈውን በትንሽ በትንሹ ቁረጥ፤ በአንዴ ብዙ አትቁረጥ። ከዚያ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጎኑን ብቻ አለስልስ፣ በጥቂቱ አርጥበህ በቁራጭ ቆዳ እስኪሞቅ እሸው፤ ጎኑ ይጠነክርና እንደገና ቶሎ አያብጥም። ላዩን ወደ ክብ ቅርጹ መልሰህ አሻክር። ከጠርዙ የቀረው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ አትድከም፣ ቀይረው። አሮጌውን ነቅለህ መቀመጫውን ፍጹም ጠፍጣፋ አድርግ፣ የአዲሱን ሥር አሻክር፣ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ በስሱ ቀብተህ መሃሉ ላይ አስቀምጠህ ተጫነው፤ ቢቻል እስከ ማግስቱ አትምታበት።