ጥቁር አዝሙዳችን በአረም ተዋጠ፤ እንርጨው ወይስ እንረመው?

የደምቢያዋ፦
እኔ ጎንደር ከተማ ነኝ፤ ማሳው ግን ቆላ ድባ አጠገብ፣ የእማዬ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጥማድ ጥቁር አዝሙድ በብተና ዘራን። እሁድ ሄጄ ሳይ አዝሙዱን ጎንበስ ብዬ ነው የፈለግሁት። እንግጫው፣ መጩ፣ ሰርዶው! አደይ አበባውማ ለእንቁጣጣሽ ደምቋል፣ ለእኛ ግን አላማረብንም። ወንድሜ ለጤፉ የገዛው ቱፎርዲ፣ የአረም መድኃኒቱ፣ ተርፎታል፤ "ረጭቼው ልገላገል" ይላል። እማዬ እምቢ አለች፤ ነጋዴው ኦርጋኒክ ከሆነ ጨምሮ ይከፍላል። የአራሚ የቀን ዋጋ ደግሞ ኪሴን አራቆተው። ምን ይሻላል?

ሙያዬ እርሻ፦
እህቴ፣ አሁኑኑ ለወንድምሽ ደውይለት! ቱፎርዲ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው። ጤፍ የሣር ወገን ስለሆነ ይተርፋል። አዝሙድ ቅጠሉ እንደ ክር ቢቀጥንም ከሰፊዎቹ ወገን ነው፤ ከመጩ ጋር አብሮ ይሄዳል። አብሽና ድምብላልም ያው ናቸው። ሣሩን ብቻ የሚገድል መድኃኒት አለ፤ እንግጫን ግን አይነካም፤ እንግጫ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። ኦርጋኒክ ሆንሽም አልሆንሽም በእጅ ማረም አይቀርልሽም። ኦርጋኒክ ተብሎ አውሮፓ የሚላክ ከሆነ ደግሞ መሬቱ ከመዘራቱ በፊት 2 ዓመት ያለ ኬሚካል መቆየት አለበት።

ባለ ዋልካው፦
ልጄ፣ አዝሙድ ሰነፍ ነው። ሁለት ሳምንት መሬት ውስጥ ይተኛል፤ አረሙ ቀድሞት ይነሣል። የዘንድሮውን በወንፈል አሳርሙት። ዝናብ በዘነበ ማግስት ግን እንዳትገቡ፤ ዋልካው ከእግር ጋር አዝሙዱንም ይዞ ይነሣል። እንግጫውን ሥሩ ላይ ካለችው ፍሬ ጋር ቆፍራችሁ አውጡት፤ ቅጠሉን ብቻ ብትነጩት ወዲያው ይመለሳል። ለከርሞ በመስመር ዝሩት፤ 30 ሳንቲ ሜትር ካራራቃችሁት መኮትኮቻ ይገባል። ከዘር በፊትም አርሳችሁ ተዉት፣ አረሙ በዝናቡ ይብቀል፣ ያኔ ገልብጡት።

ቅመም ሻጯ፣ ቅዳሜ ገበያ፦
አስተናግር ካለ ፍሬ ሳይዝ ንቀሉት። ፍሬው ጥቁር ነው፤ አብሮ ከተወቃ ወንፊት አይለየውም። መርዝ ነው እኮ! እኔ አዝሙድ ስገዛ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ኦርጋኒክ ነው ቢሉኝም ያው።

የደምቢያዋ፦
ደወልኩለት። በጥብጦ ጨርሶ ነበር! ለጤፉ ያውለው ብያለሁ፤ ነፋስ ሲነሣ እንዳይረጭ ነግሬዋለሁ። ጋሼ፣ ወንፈሉ ለሐሙስ ተቀጥሯል፤ ጠላው ከእኔ። አስተናግሩን ግን እማዬ በረቱ ጀርባ፣ ፍግ ክምሩ ላይ ሦስት እግር አግኝታለች። ያንን ፍግ ነበር ሰኔ ላይ ማሳው ላይ የበተንነው።