የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚለካ ሴንሰር በጤና ጣቢያ ደረጃ ያገለግለናልን?

ጥያቄ፦ አዋላጅ፣ ከመንዝ

ጤና ይስጥልኝ። በመሐል ሜዳ አቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የማገለግል አዋላጅ ነርስ ነኝ። ደጋግመው የወለዱ እናቶች ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ውሃ የሞላ ጀሪካን አዝለው ዳገት ሲወጡ ሽንት እንደሚያመልጣቸው የሚነግሩን ልጅ ለማስከተብ መጥተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ ነው። አብዛኞቹ የመውለድ ዕዳ አድርገው ስለሚቆጥሩት ለዓመታት ለማንም ሳይናገሩ ይኖራሉ፤ ይህም ዘወትር ያሳዝነኛል።

በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች፣ ወደ ብልት ውስጥ ገብቶ የዳሌ ወለል ጡንቻን (ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘውን) ሥራ በሴንሰር የሚለካና ውጤቱን በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ሊልኩልን ፈቃደኛ ሆነዋል። ይህ መሣሪያ በጣት የምናደርገውን ምርመራ ሊተካልን ይችላልን? አንዱንስ መሣሪያ ለብዙ እናቶች መጠቀም ይቻላልን? የምታውቁ ባለሙያዎች ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ሁሉ አንድ ነገር ስለማይለኩ፣ የሚላክልዎት የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። አንደኛው ዓይነት ግፊትን ይለካል፤ ሐሳቡ የመጣው አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቁት፣ ከግፊት መለኪያ ጋር ከተያያዘ አየር የሚሞላ መሣሪያ ነው። ሌላው ጡንቻው ሲሠራ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ምልክት በማይክሮቮልት ይመዘግባል። በስልኮቻችን ውስጥ ያለውን የመሰለ አክስለሮሜትር የተገጠመለት ደግሞ ጡንቻው ሲነሣ የመሣሪያው አቅጣጫ ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳያል።

የግፊት መለኪያው ድክመት ግን በደንብ ሊታወቅ ይገባል። አንዲት እናት ጡንቻዋን ወደ ውስጥና ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ብታምጥ፣ በሆድ ዕቃዋ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር በስልኩ ላይ ያለው ቁጥርም አብሮ ይጨምራል። በተሳሳተ መንገድ እየሠራች ሳለ መሣሪያው እየጠነከረች እንደሆነ ይነግራታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ አንድ ጥናት፣ አጭር የቃል መመሪያ ብቻ ተሰጥቷቸው ጡንቻቸውን እንዲያኮማትሩ ከተጠየቁት 47 ሴቶች መካከል በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ሩብ ያህሉ ደግሞ የሽንት ማምለጥን ሊያባብስ በሚችል መንገድ ሲሠሩ ተገኝተዋል። በርዝመቱ ብዙ ሴንሰሮች የተደረደሩበት መሣሪያ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፌምፊት 8 የግፊት ሴንሰሮች ስላሉት፣ ከሆድ ዕቃ የሚመጣውን ግፊት ጡንቻው ራሱ ከሚፈጥረው ጭምቀት ለይቶ ለማየት ያስችላል።

የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግበውም ቢሆን የጡንቻውን ኃይል በቀጥታ አይለካም። የመቀመጫ፣ የጭንና የሆድ ጡንቻዎች ምልክት ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ስለዚህ የአንዲትን ሴት ቁጥር ከሌላይቱ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

የሠለጠነ ጣት ግን ጭምቀቱንና ወደ ላይ መነሣቱን በአንድ ጊዜ ይለያል። የጡንቻን ጥንካሬ በጣት በምንመዝንበት በተሻሻለው የኦክስፎርድ መለኪያ ከ0 እስከ 5 ስንሰጥ፣ ከ3 ጀምሮ ጡንቻው ከመጭመቁም በላይ ወደ ላይ መነሣት አለበት። በግራና በቀኝ ያለውን ልዩነት፣ ሲነካ የሚያመውን ቦታ፣ ጡንቻው ከተኮማተረ በኋላ መፍታት አለመፍታቱን የምናውቀውም በጣት ነው፤ ይህን ሁሉ በስልክ ላይ የሚወጣ አንድ ቁጥር አይነግረንም። ስለዚህ አይተካም ብዬ በእርግጠኝነት እመልሳለሁ።

መሣሪያው ጡንቻውን እያኮማተሩ ለማጠንከር ለሚደረገው ልምምድ ማገዣ ቢሆንስ ቢሉኝ፣ በስኮትላንድና በእንግሊዝ 600 ሴቶችን ያሳተፈው ኦፓል የተባለ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በባለሙያ የሚመራ ልምምድ ብቻ ያደረጉትንና በዚያው ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት መለኪያ የተጨመረላቸውን ሴቶች ከ24 ወራት በኋላ ሲያነጻጽር፣ በሽንት ማምለጡ ክብደት ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ልምምዱ ራሱ እንደሚጠቅም ግን በሚገባ የተረጋገጠ ነው። ቢያንስ 8 ጊዜ ማኮማተር፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወራት፤ መሣሪያ ሳይኖር እንጀራ እየጋገሩም ቢሆን ሊሠራ የሚችል ነው።

መልስ 2፦ የባዮሜዲካል መሐንዲስ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የማተኩረው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ለቤት አገልግሎት የሚሸጡት እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። የብልትን ውስጠኛ ሽፋን የሚነካ ማንኛውም መሣሪያ ከአንዷ ወደ ሌላይቱ ከመተላለፉ በፊት ከፍተኛ ደረጃ ያለው የጀርም ማጥፋት ሥራ ያስፈልገዋል። በአውቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት ጀርም በሚገድለው ማሽን) ቢገባ ባትሪውና ኤሌክትሮኒክሱ ይበላሻሉ፤ በየጤና ጣቢያው የምንጠቀምበት 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድም ብረት ያላቸውን ኤሌክትሮዶች ይበላል። ኮንዶም ማልበስ ተጨማሪ መከላከያ ቢሆንም ጀርም የማጥፋቱን ሥራ አያስቀርም። አምራቹ ለሕክምና ተቋም የሚሆን የማጽጃ መመሪያ በጽሑፍ ካላቀረበ፣ ለብዙ እናቶች መጠቀም አደጋ ነውና እባክዎ አይሞክሩት።

ስለ አካባቢያችንም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የግፊት ሴንሰሮች ሙቀት ሲለወጥ ንባባቸው ይዛነፋል። በመንዝ ብርድ ጠረጴዛ ላይ ያደረ መሣሪያ ወደ ሰውነት ሙቀት እስኪደርስ ድረስ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም፤ በቦታው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከዜሮ ማስጀመር ይገባል። የከፍታውም ነገር እንዲሁ ነው። በደብረ ብርሃንና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያንስ፣ በየምርመራው መጀመሪያ ዜሮ የማያደርግ ሴንሰር ያሳስታል።

መተግበሪያው የእናቶችን መረጃ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር የሚልክ ከሆነም፣ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

መልስ 3፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ልጄ፣ ስለ መሣሪያው ከማሰብሽ በፊት አንድ ጥያቄ ከአፍሽ አይጥፋ፦ «ሽንቱ የሚያመልጥሽ ስታስዪ ብቻ ነው ወይስ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ?» ከረጅም ምጥ በኋላ ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላልና፣ ልምምድም ሴንሰርም አይፈውሰውም። እንዲህ ያለችውን እናት ሳትዘገዪ ላኪያት፤ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል አለ፣ በባሕር ዳርም ማዕከል አለው። ወሊዱ ቅርብና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ለሳምንታት በማቆየት ብቻ ሊድን ስለሚችል፣ ቀናት ዋጋ አላቸው። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ትኩሳት ወይም ደም ካለም መጀመሪያ እሱ ይታይ። አራስ እናት ደግሞ የ6 ሳምንት ምርመራዋን ሳታደርግ ምንም መሣሪያ ወደ ውስጥ አይግባባት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለላኪዎቹ መሣሪያው እንዲቀር ነግሬ፣ በምትኩ ጓንትና የማስተማሪያ የዳሌ ሞዴል እንዲልኩልን እጠይቃለሁ። የእትዬን ጥያቄ በድኅረ ወሊድ መመዝገቢያችን ላይ ከዛሬ ጀምሮ እንጨምራለን። ፊዚዮቴራፒስቱን ግን አንድ ነገር ልለምን፦ ጡንቻውን በ0 እና በ5 መካከል የመመዘኑን ሥራ ከንባብ ብቻ መማር ስለማይቻል፣ እኔና አንዲት ባልደረባዬ ደብረ ብርሃን መጥተን በእርስዎ ክትትል ብንለማመድ ይፈቅዱልናልን?

መልስ 1፣ በድጋሚ

በደስታ። ከጤና ጣቢያው የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ፤ ምርመራውን የምትለማመዱት ፈቃደኛ ከሆኑ እናቶች ጋር ብቻ ስለሚሆን፣ አስቀድሜ እንዳነጋግራቸው የምትመጡበትን ሳምንት በግል መልእክት አሳውቁኝ።