ሜዳችን ላይ ሕንፃ ሊሠሩ ነው፤ ሕግ አያግድም?

የሜዳው ጎረቤት፦ ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው። ልጄ ብስክሌት የተማረችበት ሜዳ ላይ ከተማው ሕንፃ ሊያቆም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በፔርሙስ ሻይ ይዘን የምንቀመጥበት ትልቅ ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተውበታል። ሳየው ሆዴ ባባ። ምን ይሻላል?

አባ መላ፦ አይዞሽ እህቴ። የግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ በ1972 እ.ኤ.አ. የጸደቀ አንቀጽ 97 አለ። የሕዝብ መናፈሻን ለሌላ ሥራ ለማዋል የግዛቱ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ከተማው ብቻውን አይወስንም።

የሜዳው ጎረቤት፦ የይዞታ ወረቀቱ ላይ መናፈሻ የሚል የለም አሉን እኮ!

እማማ ቦስተን፦ እሱ አያስፈራሽ፣ ልጄ። ዌስትፊልድ ከተማም መጫወቻ ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ልትሠራ ስትል ነዋሪዎች ከሰሱ። በ2017 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለነሱ ፈረደ። ከተማው ሜዳውን ለመናፈሻነት መስጠቱ በግልጽ ከታየና ሕዝቡ ከተጠቀመበት፣ ወረቀቱ ላይ ባይጻፍም ይጠበቃል። የድሮ ቃለ ጉባኤ ፈልጊ። የፌዴራል ገንዘብ ገብቶበት እንደሆነም ጠይቂ፤ ዌስትፊልዶችን ይህም ረድቷቸዋል።

የሜዳው ጎረቤት፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ነገ ከሥራ መልስ ማዘጋጃ ቤት ነኝ።