ወንድሜን በምን ቃል ልጠይቀው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተርፎ ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ያለነው ገጠር ስለሆነ የአእምሮ ሐኪም ጋ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ቀጠሮው ደግሞ ገና ወር ይቀረዋል። ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በጣም አስጊ ናቸው ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። የተባይ መድሃኒቱን ከቤት አውጥቼ ጎረቤት ጋ አስቆልፌዋለሁ። ነርሷ አሁንም ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ ብለሽ በቀጥታ ብትጠይቂው ሀሳቡን አታመጪበትም ብላኛለች፣ እሺ፣ ግን ማታ አጠገቡ ቁጭ ስል ጫማውን እያየ ዝም ይላል እኔም አፌ ይተሳሰራል። እናቴ ደሞ ሰው እንዳይሰማ ትላለች (ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ!)። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ወሬውን እንዴት ጀመራችሁት? ቀጠሮው እስኪደርስስ ለጤና ጣቢያው ደውዬ በስልክ ይከታተሉት ብል ያስኬዳል?