«ነጻ ኮሌጅ» ነጻ የሚሆነው ለማን ነው? የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ክርክር

አስተባባሪው፦
እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተነሣው ክርክር በረካው ሳይደርስ ስለተበተነ እዚህ እንቀጥለው። ጥያቄው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምንለው፣ ክፍያው ለሁሉም ተማሪ ይነሣ? ወይስ እንደ አሁኑ መንግሥት የቤተሰብን ገቢ እያየ ለችግረኛው ብቻ ይርዳ? ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 ሁለቱን ዓመት ለሁሉም ነጻ ለማድረግ 109 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው ነበር፤ ሐሳቡ ከሕግ ረቂቁ ወጥቶ ቀረ፣ ጉዳዩም ለየግዛቱ ተተወ። እኛ ደግሞ ግማሾቻችን ሜሪላንድ፣ ግማሾቻችን ቨርጂኒያ ነን። መሳደብ የለም፤ «አንተ ከመቼ ወዲህ አዋቂ ሆንክ» የሚለውም ስድብ ነው።

የታክሲ ሾፌሩ፦
ለሁሉም ይነሣ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ቅጹ ነው። ልጄ በመጪው መስከረም ኮሌጅ ትገባለች፤ ፋፍሳ የሚሉት የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ግን የሚጠይቀኝ የካቻምና ገቢዬን ነው። ካቻምና እኔ ሰባቱንም ቀን እነዳ ነበር፤ ባለቤቴም ሆስፒታል ሁለት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ዛሬ ወገቤን ታምሜ በሳምንት ሦስት ቀን ከነዳሁ ተመስገን ነው። ደሴ ላሉት እናቴና ለወንድሜ ልጆች በየወሩ የምልከው ደግሞ የትም አይጻፍም። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለእርሱ የሚሆን ቦታ የለውም። በቅጹ ዓይን ያ ገንዘብ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ልጄን እስከ 12ኛ ክፍል ሲያስተምሯት የአባቷን ደመወዝ የጠየቀ ማንም የለም። በሰኔ ተመርቃ በመስከረም ደብተር ስትይዝ ምን ተለውጦ ነው እኔ የምመረመረው?

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ከክርክሩ በፊት ለልጅህ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገርህ። የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ሄደህ «ገቢያችን ቀንሷል» በል። የሐኪም ወረቀትህንና የአሁኑን ገቢህን የሚያሳይ ማስረጃ ያዝ። የቢሮው ባለሙያ የካቻምናውን ቁጥር በአሁኑ የመተካት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ግዴታ ግን የለበትም፤ ሳትጠይቅ ደግሞ ደጅህ ድረስ መጥቶ የሚነግርህ አይኖርም። ለደሴው ገንዘብ መልስ የለኝም።

ወደ ጥያቄው ስመጣ ግን ተቃዋሚ ነኝ። ቁጥሩን እንየው። ፔል ግራንት፣ ያ የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ጣሪያው ከ2023-24 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዓመት 7,395 ዶላር ላይ ቆሟል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ በአገር አቀፍ አማካይ 4,000 ዶላር ገደማ ነው። ሙሉ ፔል የሚያገኝ ተማሪ ክፍያውን ከፍሎ ከ3,000 ዶላር በላይ ይተርፈዋል፤ ለመጽሐፍ፣ ለአውቶቡስ፣ ለኪራይ ያውለዋል። ለእርሱ ኮሌጁ ዛሬም ነጻ ነው።

ታዲያ ነጻ አደረግን የሚሉት ግዛቶች አብዛኞቹ ያደረጉት ምንድን ነው? መጀመሪያ ፔሉ ይከፈል፣ የጎደለችውን እኛ እንሞላለን ነው የሚሉት። በ2014 የወጣው የቴነሲ ሕግ እንዲህ ነው። ሜሪላንድም እስከ 5,000 ዶላር የምትሰጠው ሌላው እርዳታ ከክፍያው ላይ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ሙሉ ፔል ላለው የጎደለ ስለሌለ የሚሞላለትም የለም፤ ገንዘቡ የሚደርሰው ፔል የማይደርሰው ቤት ነው። ድግሱ በድሃ ስም ይጠራል፣ ማዕዱ የሚቀርበው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እሷ ያለችው ላይ እኔም ልጨምር። በ1985 ስመጣ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል ዕቃ እያጠብሁ፣ አንድ አንድ ኮርስ እየከፈልሁ ተማርሁ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። የፖቶማክ ባለ ቪላ ልጅ በእኔ ግብር የሚማርበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላም አለ፤ ከኪስ ያልወጣ ትምህርት ሲቋረጥ አያምም። የራሱን አራት መቶ ዶላር የከፈለ ሰው በረዶ ቢጥልም ክፍል አይቀርም።

የማታ ተማሪው፦
ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት ነበር? መልሱ እንዳያናድደኝ አይንገሩኝ። እኔም ያው ፓርኪንግ ነኝ። የአጥንት ስሞች የማጠናው በትኬት ጀርባ እየጻፍሁ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የጭን አጥንት የተጻፈበትን ለደንበኛ ሰጥቼው ኖሮ «ይህ ምን ዓይነት ቅጣት ነው?» ብሎ ተመልሶ መጣ።

እህታችን ያቀረበችው ስሌት ሙሉ ፔል ለሚያገኝ ነው። ሙሉውን ለማግኘት ግን በሴሚስተር 12 ክሬዲት፣ ማለት የኮርስ መለኪያ ነጥብ፣ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ በሳምንት 45 ሰዓት ስለምሠራ የምይዘው 6 ነው፤ ፔሉም ግማሽ ነው። ለክፍያው ይበቃኛል፤ የሚተርፈኝ ግን በሴሚስተር ከስምንት መቶ ዶላር ብዙ አይበልጥም፣ እርሱም መጽሐፍ ገዝቼ ያልቃል። የቤት አከራዬ ግማሽ ተማሪ ነህ ብላ ግማሽ አትቀበለኝም። ሥራ ቀንሼ 12 ልያዝ ብል ደግሞ የሚጨመርልኝ ፔል የቀነስሁትን ደመወዝ አይተካም። እናንተ የምትከራከሩት ስለ ክፍያ ነው፤ የእኔ ኮሌጅ ውድ የሆነው በሰዓቱ ነው።

የቀድሞዋ ፋርማሲስት፦
እኔ ከሁለቱም ወገን ውጪ የቀረሁ ሰው ነኝ። በዲቪ መጣሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በፋርማሲ ዲግሪ አለኝ፤ እዚህ ግን ነርስ ለመሆን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀመርሁ። ግሪን ካርድ ስላለኝ እርዳታው ይገባኛል ብዬ ነበር። ለካ ፔል የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆን፣ እዚህ አንድ ቀን እንኳ ባያሠራም። የቀረልኝ ብድር ብቻ ነው። «ዲግሪ የለኝም በይ፣ ማን ያውቃል» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ፋፍሳ ላይ ሆን ብሎ የሚዋሽ እስከ 20,000 ዶላር ሊቀጣ ወይም ሊታሰር እንደሚችል የሚፈረምበት ቦታ ላይ ተጽፏል። ደግሞ እስራቱ ባይኖርም፣ አባቴ በሬ ሸጦ ያስተማረኝን ትምህርት አልተማርሁም ማለት አፌን አልሞላልኝም።

አገር ቤት ለዚያው ዲግሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሜአለሁ። አንዱ ዲግሪ እዚያ ያስከፍለኛል፣ እዚህ ያስከለክለኛል። ለሁሉም ነጻ ይሁን ከተባለ እኔም «ሁሉም» ውስጥ እቆጠራለሁ ብዬ እደግፋለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እህቴ፣ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ የአንቺ ነው። እኔ ችግረኛን ለይቶ መርዳት ይሻላል ስል የሚለየው ወንፊት ትክክል ነው ብዬ ነው። የአንቺን ችግር ወንፊቱ አላየውም። ነገር ግን ልብ በይ፤ የሚጠቅምሽ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ክፍያውን የሚያነሣ ሕግ ነው። ሌላው እርዳታ ካለቀ በኋላ ጉድለት የሚሞላው ዓይነት ግን ቀዳሚ ዲግሪ ያለውን በየራሱ ደንብ ሊያስቀር ይችላል። «ነጻ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተሽ ድምፅሽን አትስጪ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
የቨርጂኒያውን ማንም አላነሣውም። በ2021 የተጀመረው ጂ3 የሚባለው ፕሮግራም ለሁሉም ትምህርት አይደለም፤ ሠራተኛ በሚፈለግባቸው ሙያዎች፣ በጤና፣ በኮምፒውተር፣ በሕፃናት እንክብካቤና በመሳሰሉት ለሚማር ነው። እርሱም የገቢ ጣሪያ አለው፣ ጉድለት የሚሞላም ነው። ግን እህት የሂሳብ ሠራተኛ የነቀፈችውን ቀዳዳ በከፊል ደፍኖታል፤ ሙሉ ፔል ለሚያገኝና ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ተማሪ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ ከላይ ይጨምራል። ሙሉ ጊዜ የሚለው ላይ የማታ ተማሪው እንደገና እንደሚቀር አውቃለሁ፤ እንዳትቆጣኝ።

የማታ ተማሪው፦
አልተቆጣሁም። ለምጄዋለሁ።

የታክሲ ሾፌሩ፦
እህቴ ቴነሲን በክፉ አነሣሻት፤ እኔ በደግ ላንሣት። እዚያ ተማሪው በየሴሚስተሩ ስምንት ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራል፣ ፋፍሳም ይሞላል። «ነጻ ነው» የሚለው ወሬ ስለተሰማ ብቻ ቴነሲ ቅጹን በመሙላት ከቀደሙት ግዛቶች ተርታ ገባች። ከሞሉት ውስጥ ፔል እንደሚገባቸው ሳያውቁ የኖሩ ሞልተዋል ብዬ አምናለሁ። እኛ ሰፈር ስንቱ ነው «የእኛ ገቢ አይበቃም፣ ወይም ይበዛል» ብሎ ቅጹን ሳይከፍተው የቀረ? ሰው በስሌት አይመጣም። ግልጽ በሆነች አንዲት ቃል ነው የሚመጣው።

ሐዘንተኛው፦
ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ጋሼ «ሲቋረጥ አያምም» ስላሉ ነው።

ሙሉ ፔል ይዤ ነው የጀመርሁት። በአምስተኛው ሳምንት አባቴ ጎንደር አረፈ። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ትኬት ቆርጬ፣ ኮሌጁን በኢንተርኔት አቋርጫለሁ ብዬ ሄድሁ፤ አርባውን አውጥቼ ተመለስሁ። ፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ከማስታወቂያዎቹ መካከል ከኮሌጁ የመጣ ደብዳቤ አለ፤ ከ1,300 ዶላር በላይ ዕዳ። የተሳሳተ መስሎኝ አራት ጊዜ አነበብሁት።

ሕጉ እንዲህ ኖሯል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ያቋረጠ ተማሪ እርዳታው የሚገባው በቆየበት ጊዜ ልክ ብቻ ነው። ከ15 ሳምንት አምስት ስለቆየሁ የገባኝ ሲሶው ነው። ኮሌጁ የቀረውን ለመንግሥት መለሰ፤ ክፍያዬ በዚያው ልክ ባዶ ሆነና ዕዳው እኔ ላይ ዞረ። እርሱን ሳልጨርስ መመዝገብ አልችልም። ከአራት ሳምንት ጥቂት አሳልፌ ባቋርጥ ኖሮ አንድም ዶላር ባልተጠየቅሁ። የሚያሳዝነኝ ደግሞ መምህሮቼን ባናግራቸው ኖሮ የተወሰኑትን ኮርሶች በኋላ እንድጨርስ ይፈቅዱልኝ እንደነበር አሁን ተነግሮኛል። በዚያች ሌሊት ግን እንኳን ደንብ፣ ፓስፖርቴ የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ያማል፣ ጋሼ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ነፍስ ይማር። ስለ አራት ሳምንቱ ያልኸው ትክክል ነው፤ 60 በመቶው ከዘጠነኛው ሳምንት መጨረሻ ጋር ይገጥማል። ኮሌጁን በየወሩ ከፍለህ እንድትጨርስ ጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ ይስማማሉ። የሞት ማስረጃውን አስተርጉመህ አያይዝ።

ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አባትህን ነፍስ ይማር። አርባውን ማውጣትህ ደግ አደረግህ፤ ደግመህ ብትጠይቀኝም ያንኑ አድርግ ነው የምልህ። ከዕዳው ስንት እንደቀረህ ለብቻዬ ጻፍልኝ።

ለሁሉም ነጻ ይሁን የሚለውን አሁንም አልደግፍም።