ፖሊስ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚያስተናግድበትን መንገድ ለማጥናት ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ (ስድስት ኪሎ)፦
በሕግ ተመርቄ አሁን በሥርዓተ ፆታ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪዬን በማጠናቀቅ ላይ እገኛለሁ። ወደፊትም ፖሊስ የሴቶችን አቤቱታ እንዴት እንደሚያስተናግድ እየመረመርኩና እያስተማርኩ መኖር እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን በፖሊስ ጣቢያ ለማጥናት የሚያስፈልገው ፈቃድ ጊዜ ስለሚፈጅ ልደታ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያገኙ መዝገቦችን ብቻ እንዳጠና ይመክሩኛል። በመስኩ የቆያችሁ ምን ትላላችሁ?

የቀድሞ መርማሪ፦
እህቴ፣ ፍርድ ቤት የደረሰውን ብቻ ካጠናሽ የምታገኚው ከመንገድ ያልቀረውን ነው። ፊቷ ያበጠ ሴት ሌሊት ነጠላዋን ተከናንባ ትመጣና ቃሏን እቀበላለሁ፤ በማግስቱ ከአማቷና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተመልሳ «ታርቀናል» ትላለች። ቀላል የአካል ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556(1) በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ አቤቱታዋን ስታነሳ መዝገቡ ይዘጋል። እኔም «ተበዳይ በእርቅ ጨርሳለች» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ እርሷ አንገቷን ደፍታ እንደነበር ግን የትም አልጻፍኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የሕግ መምህር፦
የመርማሪዋ እህታችን ነጥብ የጥናቱ እምብርት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ብዙ ከደከሙ በኋላ አሁን የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት የሚናገረው አንቀጽ 564 ግን የራሱ ቅጣት የለውም፤ ስለ አካል ጉዳት ወደሚደነግጉት አንቀጾች 555–560 ይመራል። ስለዚህ የደረሰው ጉዳት ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው ፍረጃ፣ ሚስቲቱ ክሱን መተው መቻል አለመቻሏን ይወስናል። እኔ ብሆን ፍረጃው በማን እጅና በምን ዓይነት የሐኪም ማስረጃ እንደሚደረግ አጠና ነበር። የፈቃዱ ነገር እውነት ነው፤ የእኔ ደብዳቤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ዓመት አልፎታል። ማመልከቻዎን ዛሬውኑ አስገብተው፣ እስኪፈቀድ የልደታውን መዝገብ ያንብቡ።

ጠያቂዋ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ከእርቅ በኋላ እንደገና ተደብድባ የተመለሰች ሴት አቤቱታዋ በቀድሞው መዝገብ ላይ ይቀጥላል?

የቀድሞ መርማሪ፦
አይቀጥልም፤ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔ በነበርኩበት ጣቢያ አሮጌውን ከመደርደሪያ አውርዶ ከአዲሱ ጋር ያያያዘ ሰው አላየሁም። ፈቃዱን ስታገኚ መጀመሪያ የተዘጉትን አስወጪና በአቤቱታ አቅራቢዋ ስም አስተያዪ።