ዳይክሎፌናክ 50፣ የደም ግፊት መድኃኒትና ጾም አብረው ይሄዳሉ?

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። እናቴ 63 ዓመታቸው ነው። ለጉልበት ቁርጥማት ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ታዞላቸዋል። ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ረመዳንን እየጾሙ ስለሆነ ኪኒኑን ከሱሁር በፊት በባዶ ሆድ ይውጡታል፤ ጨጓራቸውን ያቃጥላቸዋል። ጎረቤት «መርፌው ለጨጓራ ይሻላል» አለን። እንቀይረው?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ)
ወአለይኩም ሰላም። መርፌው ጨጓራን አያድንም። ዳይክሎፌናክ ሕመምና እብጠት የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባል የሰውነት ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳል። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋንም የሚመረተው በዚሁ ፕሮስታግላንዲን ነው። መድኃኒቱ በአፍ ገባ በመርፌ፣ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። የኪኒኑ ልባስ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሠራ ስለሆነ አይሰበር፣ አይታኘክ። ሰዓቱ አንዱ አፍጥረው ከበሉ በኋላ፣ ሌላው ሱሁር ከበሉ በኋላ ነው፤ ሁለቱም በሙሉ ብርጭቆ ውኃ።

መልስ (ነርስ፣ ደሴ)
ሰዓቱን ከማስተካከላችሁ በፊት ኩላሊታቸውን አስቡልኝ። ኢናላፕሪል፣ የሚያሸናው መድኃኒት (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) እና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ ሲገናኙ በኩላሊት ማጣሪያ ውስጥ የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ሲውሉ ይብሳል። ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ለጊዜው መስጠት አቁሙና ሦስቱንም መድኃኒት ይዛችሁ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ግፊታቸውና ክሬአቲኒናቸው (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይታይ። የግፊቱን መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው ወይም ሽንታቸው ከቀነሰ ሳታሳድሩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ)
ሐኪሙን በኪኒኑ ፈንታ ስለሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ጠይቁት። ከጄሉ ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ በጣም ያነሰ ነው። 1 በመቶ ጄል ለአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን እስከ 4 ጊዜ ይቀባል። ብዙ ሰው አተር የምታህል ቀብቶ «አልሠራልኝም» ይላል፤ በሙሉ መጠኑ ግን 30 ግራም ቱቦ 2 ቀን አይሞላም፣ ወጪውን አስቀድማችሁ አስሉት። የጉልበቱን ዙሪያ በሙሉ እሹት፣ ለ1 ሰዓት አይታጠብ፣ በፕላስቲክ አይጠቅለል፣ ቁስል ላይ አይነካ።

ጠያቂ
አላህ ይስጥልን። ከአሜሪካ የተላከ አድቪል ቤት አለ፤ እስከዚያ እሱን ልስጣቸው?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ)
አይሆንም። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፤ የዳይክሎፌናክ ቤተሰብ ስለሆነ ጨጓራውንም ኩላሊቱንም እንደዚያው ይነካል። የጉበት ሕመም ከሌለባቸው ለዛሬ ማታ ፓራሲታሞል 500፣ ሁለት ፍሬ ስጧቸው፤ ድጋሚ ካስፈለገ ከመጀመሪያው 6 ሰዓታት ቆይቶ፣ በ24 ሰዓት ከ6 ፍሬ ሳያልፍ።